ቪዲዮው እስኪወጣ፦ ሚስቱን መታ የተባለ ተጫዋች በሊጎች እጅ

አንድ ተጫዋች ሚስቱን ወይም ፍቅረኛውን መታ ተብሎ ሲከሰስ ክለቡና ሊጉ መጀመሪያ የሚያጣሩት ቪዲዮ መኖር አለመኖሩን ነው። ቪዲዮ ካለ ይጣደፋሉ። ከሌለ ይጠብቃሉ። ነገሩ እስኪበርድ፣ እሷ ክሱን እስክትተው፣ የዝውውር መስኮቱ እስኪከፈት። ይሄን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ ከ2014 ወዲህ በትልልቆቹ ሊጎች የሆነውን ተራ በተራ ያየ ሰው ሌላ መደምደሚያ ላይ መድረስ ይከብደዋል። (የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ጅማ ተቀምጦ ስለ አሜሪካ ሊግ መጻፍ ምን ይሉታል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኛም ሊግ አለን። ክለብ አለን። ተጫዋቾቻችንም ቤትና ትዳር ያላቸው ሰዎች ናቸው። የጎደለን እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ ደጋፊውም ተጫዋቹም አስቀድሞ የሚያውቀው አሠራር ነው። እነሱ የወደቁበትን ጉድጓድ እያየን እዚያው መውደቅ የለብንም።

ከሁሉም በደንብ የተመዘገበው የሬይ ራይስ ጉዳይ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ራይስ በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የባልቲሞር ሬቨንስ ኮከብ ነበር። በፌብሩዋሪ 2014 አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ፣ በአንድ የካዚኖ ሆቴል ሊፍት ውስጥ የያኔ እጮኛውን መታት። ከቀናት በኋላ ቲኤምዜድ የተባለው የወሬ ድረገጽ አንድ ቪዲዮ አወጣ። የሊፍቱ በር ይከፈታል፣ ሴትየዋ ራሷን ስታለች፣ እሱ ጎትቶ ሊያወጣት ይታገላል። ይሄን ቪዲዮ አገር አይቶታል። በእግሯ ሄዳ ሊፍት የገባች ሴት ተጎትታ ስትወጣ መሃል ላይ ምን እንደተፈጠረ ለመገመት መርማሪ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዩ። ሁለቱ ተጋቡ። ሜይ ላይ ክለቡ ጋዜጣዊ መግለጫ ጠርቶ ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ እሷም በዚያ ሌሊት ለነበራት ድርሻ በጣም እንደምትጸጸት ተናገረች። የተመታችው ናት የተጸጸተችው! ክለቡ ደግሞ ይሄንኑ ንግግሯን ወስዶ በትዊተር ገጹ ላይ ለጠፈው። ቀጥሎ የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ነገሩን ለማጣራት ሲቀመጥ እሷን ያነጋገራት ባሏ እዚያው ክፍል ውስጥ እያለ ነው። እኛ አገር ሽማግሌዎች እንኳ «አንተ ለጊዜው ውጣ» ብለው እሷን ለብቻዋ የሚሰሙበት ጊዜ አለ። በቢሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀስ፣ የጠበቃ መዓት የቀጠረ ሊግ ግን ይሄን አላሰበበትም።

ጁላይ ላይ ቅጣቱ ተነገረ። ሁለት ጨዋታ። በዚያው ክረምት ማሪዋና ተገኘብህ የተባለ ሌላ ተጫዋች፣ ጆሽ ጎርደን፣ አንድ ሙሉ ዓመት ታገደ፤ በኋላ ወደ 10 ጨዋታ ተቀነሰለት እንጂ። ሕዝቡ ሁለቱን ቅጣቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ጮኸ። ጉዴልም ኦገስት መጨረሻ ላይ ውሳኔው ልክ እንዳልነበር አምኖ አዲስ መመሪያ አወጣ፦ ለመጀመሪያ ጥፋት መነሻው የ6 ጨዋታ እገዳ፣ ለሁለተኛው ከሊጉ መባረር፣ ተባራሪው ከአንድ ዓመት በኋላ ልመለስ ብሎ ማመልከት ይችላል።

መመሪያው ገና ከመውጣቱ፣ ሴፕቴምበር 8 ላይ ቲኤምዜድ ሁለተኛውን ቪዲዮ ለቀቀ። የሊፍቱን ውስጥ። ቡጢው ይታያል። በዚያው ቀን ክለቡ ራይስን አሰናበተ፣ ሊጉ ላልተወሰነ ጊዜ አገደው። ድርጊቱ ግን ያው የፌብሩዋሪው ድርጊት ነው፣ አንድም አዲስ ነገር አልተጨመረበትም። የጨመረው የተመልካቹ ብዛት ብቻ ነው።

ኖቬምበር ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ይግባኙን የሰሙት የቀድሞ ዳኛ ባርባራ ጆንስ እገዳውን ሻሩት። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ራይስ ለሊጉ አልዋሸም፣ ሊጉ አንዴ ቀጥቶት ጨርሷል፣ ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቅጣት አይቻልም። ሕጉን ካየን ልክ ናቸው። ሊጉ መጀመሪያ ተኝቶ ኋላ ሲደናበር የራሱን ቅጣት በራሱ እጅ አፈረሰ። በቀድሞው የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ሮበርት ሙለር የተመራው ማጣራትም በጃንዋሪ 2015 ያው ነገር ላይ ደረሰ። ሊጉ በእጁ የነበረው መረጃ ጠለቅ ብሎ እንዲመረምር የሚያስገድድ ነበር፣ አልመረመረም። በፍርድ ቤቱ በኩል ራይስ የተሃድሶ ፕሮግራም አልፎ ክሱ ተዘጋለት። እገዳው ቢነሳለትም የቀጠረው ክለብ ግን የለም፤ ከዚያ ወዲህ አልተጫወተም።

እሺ፣ ከዚያ በኋላ መመሪያ ተጻፈ፣ ነገሩ ተስተካከለ እንበል? አልተስተካከለም። የኒውዮርክ ጃየንትሱ ጆሽ ብራውን ሚስቱን በመምታት ተጠርጥሮ በ2015 ታሰረ፣ ክስ ሳይመሠረትበት ቀረ። በ2016 ሊጉ ቀጣው። ስንት? 6 ነው የሚለው መመሪያው። የተሰጠው 1 ጨዋታ ነው። ከወራት በኋላ ፖሊስ ዘንድ የነበሩት ሰነዶች ለሕዝብ ወጡ፤ በራሱ እጅ ሚስቱን ይበድላት እንደነበር የጻፈበት ማስታወሻ እዚያ ውስጥ ነበር። ያኔ ክለቡ አሰናበተው። መመሪያው ወረቀት ላይ ነበር፣ ግን ወረቀቱን ሥራ ያስጀመረው እንደገና የሚዲያ ጩኸት ነው።

ሌላው የኤንኤፍኤል ተጫዋች ግሬግ ሃርዲ ደግሞ ሌላውን ቀዳዳ ያሳያል። በጁላይ 2014 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዳኛ የቀድሞ ፍቅረኛውን በመምታት ጥፋተኛ አለው። በዚያ ግዛት ሕግ ጉዳዩ በጁሪ (ከሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች) እንደገና እንዲታይለት የመጠየቅ መብት ስለነበረው ጠየቀ። ቀጠሮው ሲደርስ ከሳሿ ለዓቃቤ ሕግ መተባበር አቆመች፣ ክሱ ተዘጋ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ከሜዳ ውጭ ሆኖ የሲዝኑን 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደመወዙን በላ። ከዚያ ሊጉ 10 ጨዋታ ሲቀጣው ግልግል ዳኛ ወደ 4 አወረደው። እነዚያ 4 ጨዋታዎች ሳያልቁ አዲስ ክለብ ነበረው፣ ዳላስ ካውቦይስ። የሴትየዋ የበለዘ ገላ ፎቶ ኖቬምበር 2015 ላይ ሲወጣም ክለቡ እስከ ሲዝኑ መጨረሻ አጫወተው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሴቲቱ ለምን መተባበር ታቆማለች? ይሄን ጥያቄ ሰው ሁሉ «ታዲያ ውሸት ባይሆን ለምን ተወችው?» በሚል ቃና ነው የሚጠይቀው። ከሱ ጋር ልጅ ይኖራታል። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ይሆናል። የክለቡ ደጋፊ በሙሉ በማህበራዊ ሚዲያ ስሟን እያነሳ ይሰድባታል። ጠበቃው ጎበዝ ነው፣ የሷ ጠበቃ የለም። ዘመድ «የልጆችሽን አባት እስር ቤት ልትከቺው ነው?» ይላል። ጅማም ላይ፣ አጋሮም ላይ፣ አዲስ አበባም ላይ የምናውቀው ነገር ነው። ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል፣ እሷ «ይቅር ብያለሁ» ትላለች፣ ፋይሉ ይዘጋል። ፋይሉ ተዘጋ ማለት ግን ምንም አልተፈጠረም ማለት አይደለም፣ ተፈጥሯል ማለትም አይደለም። ስለዚህ ሊግ ውሳኔውን በሙሉ በፍርድ ቤቱ ፋይል ላይ ካንጠለጠለ፣ በተዘዋዋሪ ውሳኔውን በሙሉ በሷ ትከሻ ላይ ጫነ ማለት ነው። እሷ ስትደክም ሁሉም ነገር አብሯት ይወድቃል።

የአሜሪካ ቤዝቦል ይሄን ቀዳዳ ለመድፈን ሞክሯል። በኦገስት 2015 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማህበር ተስማምተው አንድ የጋራ ፖሊሲ አወጡ። ክስ ኖረም አልኖረም ሊጉ የራሱን ምርመራ ያደርጋል። ምርመራው እየተካሄደ ተጫዋቹ ደመወዙን እያገኘ እስከ 7 ቀን ከሜዳ ዞር ሊደረግ ይችላል፣ ሊራዘምም ይችላል። የቅጣቱ ጣሪያም ወለልም አልተወሰነም፣ ኮሚሽነሩ ይወስናል፣ ተጫዋቹ ግልግል ዳኛ ጋ ይግባኝ ይላል። የምክርና የሕክምና ድጋፍም አለበት። ለኔ የፖሊሲው ትልቁ ነገር ማህበሩ የፈረመበት መሆኑ ነው፤ ተጫዋቹ «ከሰማይ የወረደ ቅጣት ነው» ማለት አይችልም፣ የራሱ ማህበር የተስማማበት ነው።

በዚህ ፖሊሲ መጀመሪያ የተቀጣው አሮልዲስ ቻፕማን ነው፤ ክስ ሳይመሠረትበት፣ ማርች 2016 ላይ፣ 30 ጨዋታ። ፖሊስ ዘንድ የተመዘገበው ቅሬታ ፍቅረኛው አንቆኛል ማለቷንና እሱ ጋራዡ ውስጥ 8 ጊዜ መተኮሱን ይዟል። ማነቁን ክዷል፣ መተኮሱን አምኗል። አሁን የገበያውን ነገር ተመልከቱ። ዜናው ሲወጣ ዶጀርስ የተባለው ክለብ ሊገዛው የነበረውን ስምምነት አቆመ። ያኔ ዋጋው ወረደ። ዋጋው ሲወርድ ያንኪስ ገባና በርካሽ ወሰደው። ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ ያንኪስ ለቺካጎ ከብስ አሳልፎ ሰጠው፣ በምትኩም ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶችን ተቀበለ። ከብስ በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ። በገበያው ቋንቋ ሲታይ የሴትየዋ አቤቱታ ለአንድ ክለብ የዋጋ ቅናሽ ሆነለት። ይሄ ያበሳጨኛል። ፖሊሲው ተጫዋቹን ሲቀጣ አትራፊውን ክለብ አልነካውም።

ቅርጫት ኳስም ብዙ የተለየ አይደለም። ማይልስ ብሪጅስ በ2022 ከታሰረ በኋላ ክሱን ላለመከራከር ተስማምቶ በአመክሮ ተለቀቀ። ኤንቢኤ 30 ጨዋታ ሲቀጣው 20ውን ሳይጫወት ባለፈው ሲዝን እንደጨረሰ ቆጠረለት። የቀረው 10 ነው።

ወደ እኛው ኳስ እንምጣ። ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ይሄን ክርክር ሰምቶታል። አንድ ጊዜ ሂርማታ አካባቢ፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር፣ ስለ ማንቸስተር ዩናይትዱ ሜሰን ግሪንዉድ ተነሳ። አንዱ «ክሱ ተቋርጧል፣ ንጹህ ነው፣ አበቃ» አለ። ሌላው «ኢንተርኔት ላይ የወጣውን ድምፅ አልሰማህም እንዴ?» አለው። ሦስተኛው፣ የአርሰናል ማሊያ የለበሰው፣ ይስቃል። ትንሽ ቆየት ብዬ ሳዳምጥ ግን የሚከራከሩት በማሊያ ቀለም ተከፍለው እንደሆነ ገባኝ። የዩናይትዶቹ ይከላከላሉ፣ ሌሎቹ ይወጋሉ። ልጁ ወደ ስፔን ከሄደ በኋላ የዩናይትዶቹም ድምፅ ቀነሰ። ስለ ልጅቷ ያወራ አልነበረም፣ ስለ ሕጉም ያወራ አልነበረም።

ሕጉ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ግሪንዉድ በጃንዋሪ 2022 ታሰረ፣ በኋላም የአስገድዶ መድፈር ሙከራን ጨምሮ ተከሰሰ፣ ሁሉንም ክዷል። በፌብሩዋሪ 2023 ዋና ምስክሮች በመውጣታቸውና አዲስ ማስረጃ በመምጣቱ ዓቃቤ ሕግ ክሱን አቋረጠ። ከዚያ ማንቸስተር ዩናይትድ ብቻውን መርማሪም ዳኛም ሆነ። ወራት ወስዶ በኦገስት 2023 የሰጠው መልስ ግራ ያጋባል። ልጁ የተከሰሰበትን አልፈጸመም ብለን አምነናል አሉ፣ በዚያው መግለጫ ግን ከክለቡ ይውጣ አሉ። ለሄታፌ በውሰት ተሰጠ፣ በ2024 ለማርሴይ ተሸጠ። ካልፈጸመ ለምን ይወጣል? ከፈጸመ ለምን ይሸጣል? እንግሊዝ ውስጥ ይሄን የሚመልስ፣ ለሁሉም ክለብ አንድ የሆነ፣ እንደ ቤዝቦሉ ዓይነት አሠራር ስላልነበረ እያንዳንዱ ክለብ በራሱ ስሌት ይሄዳል። ስሌቱ ደግሞ ስፖንሰር፣ ደጋፊና የተጫዋቹ ዋጋ ነው።

ለተከሳሹ ያለው አደጋም ቀላል አይደለም፣ ይሄን ሳልል ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ቤንጃሚን ሜንዲ በወሲብ ጥቃት ሲከሰስ ማንቸስተር ሲቲ ደመወዙን አቋረጠ። በ2023 ከክሶቹ ሁሉ ነጻ ወጣ። በ2024 የሥራ ክርክር ችሎቱ ክለቡ አብዛኛውን ያልተከፈለ ደመወዙን እንዲከፍለው ወሰነለት። ሰውየው በመሃል ብዙ ነገር አጥቷል። ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹህ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። ይሄን መብት እኔ እፈልገዋለሁ፣ ለወንድሜም እፈልግለታለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ይሄ መብት መንግሥት ያለ ፍርድ እንዳያስረን ነው። ቅዳሜ ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ በ9 ቁጥር የመግባት መብት አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉም የተሻለ ያሰቡት ለኔ አውስትራሊያዎች ናቸው። የራግቢ ሊጋቸው በ2019 አንድ ደንብ አወጣ። 11 ዓመትና ከዚያ በላይ እስር ሊያስቀጣ በሚችል ወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች ወዲያው ከጨዋታ ዞር ይላል። ደመወዙ አይቆረጥም። ልምምዱን አያቆምም። ጥፋተኛ ነው ማለትም አይደለም፣ ደንቡ ራሱ ያለ ጥፋት ዞር ማለት ነው የሚለው። ከዚያ በታች በሆነ ክስ፣ በተለይ ሴትና ሕጻን ላይ ሲሆን፣ የሊጉ ኃላፊ ማገድ ይችላል። ጃክ ደ ቤሊን የተባለ ተጫዋች ደንቡን ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሶ ተሸነፈ። የሱ ጉዳይ ብዙ ተጓተተ፣ ጁሪዎች መስማማት አቃታቸው፣ በ2021 ክሱ ተነሳለትና ተመልሶ መጫወት ጀመረ። ሁለት ዓመት ከምናምን አጥቷል። ዋጋ ነው፣ ከባድ ዋጋ። ደንቡ እንከን የለውም አልልም፤ ፍርድ ቤት ሲዘገይ ሸክሙ ተጫዋቹ ላይ ይወድቃል። ግን ደመወዙ አልተቋረጠም፣ ስሙ በሊጉ ቅጣት አልተበከለም፣ ክለቡም በስሌት አልወሰነበትም። ኮከብም ሆነ ተቀያሪ ደንቡ ያው አንድ ነው።

ደመወዙ አለመቆረጡ ለሷም ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ተጫዋቹን በገንዘብ ስትቀጣው ብዙ ጊዜ የምትቀጣው ቤቱን ነው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ከዚያ ደመወዝ ነው የሚከፈለው። «ከተናገርሽ እንጀራችን ይቋረጣል» የሚለው ማስፈራሪያ ጥርስ የሚያወጣው ክለቡ ወዲያው እንደሚያባርረው ሲታወቅ ነው። ስለዚህ በሞቅታ «ይባረር! ይባረር!» ማለት አንዳንዴ ቀጣዩዋን ሴት አፏን ማስያዝ ነው። ዞር ይበል፣ ይከፈለው፣ ይጣራ፣ ከተረጋገጠ ይቀጣ። ቅደም ተከተሉ ከቅጣቱ መጠን ይበልጣል።

አትሌቲክስ ጋ ስንሄድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ተጎጂዋ ራሷ ስፖርተኛ ናት። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ በሴፕቴምበር 2021 የሴቶች ብቻ የ10 ኪሎ ሜትር ሪከርድ ሰበረች፤ በወሩ ኢተን በሚገኘው ቤቷ ተወግታ ተገደለች። ባሏ ተከሰሰ፣ ክሱን ክዷል። በ2022 እዚያው ኢተን ለባህሬን የምትሮጠው ዳማሪስ ሙቴ ሞታ ተገኘች፣ የኬንያ ፖሊስ የፈለገው ተጠርጣሪ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ፍቅረኛዋ ነው። ዑጋንዳዊቷ ሬቤካ ቼፕቴጌ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ማራቶን ሮጣ በተመለሰች በሳምንታት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 2024 ላይ፣ የቀድሞ ጓደኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት። ከቀናት በኋላ ሞተች። እሱም በዚያው ቃጠሎ ሞተ።

ይሄ ጎረቤት አገር ነው፣ ስፖርቱም የኛው ስፖርት ነው። ሴቷ ሮጣ የምታመጣው ብር፣ ባል አሰልጣኝም ማናጀርም የሆነበት ቤት፣ በማን ስም እንደተገዛ የማይታወቅ መሬት፣ ይሄ ሁሉ እኛም ዘንድ ብርቅ አይደለም። ፌዴሬሽን ዶፒንግ ለመያዝ አትሌቷ ማታ የት እንደምታድር ያውቃል። ማታ በሰላም ታድር እንደሆነ ግን የሚጠይቃት የለም። ከቲሮፕ ሞት በኋላ የሥራ ባልደረቦቿ ቲሮፕስ ኤንጀልስ የሚባል ድርጅት አቋቁመው ሴት አትሌቶችን መርዳት ጀመሩ። ያቋቋሙት ሯጮቹ ናቸው። ፌዴሬሽን አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን። ሕጋችን ዝም አላለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው በአካል ጉዳት አንቀጾቹ እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት አዋጅ ግን የለንም፣ ቀላል የሚባለው ጉዳት ደግሞ የሚያስከስሰው እሷ አቤት ስትል ነው። አቤት የምትለው የት ሆና እንደሆነ ለማየት በፈረንጆቹ የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይበቃል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን 63 በመቶዎቹ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለዋል። ምግብ ማሳረር ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ከወንዶቹ እንደዚያ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ያገቡ ወይም አግብተው ከነበሩት ሴቶች ደግሞ ሲሶ ያህሉ ከባል በኩል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ተጫዋቾቻችን ከዚሁ ሕዝብ መሃል የወጡ ናቸው። ከሌላው ወንድ የከፉ ናቸው አልልም፣ የተለየ ነገር ያውቃሉ ብዬም አልጠብቅም።

የሊጋችንን የዲሲፕሊን ውሳኔ በየሳምንቱ የሚከታተል ሰው የሚያነበው ስለ ቀይ ካርድ፣ ዳኛ ስለተሳደበ አሰልጣኝ፣ ደጋፊው ስለወረወረው ቁስና ክለቡ ስለሚከፍለው ብር ነው። ዘጠና ደቂቃውና አጥሩ። ከአጥሩ ውጭ ያለው የግል ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን የእኛ ክለቦች የግል አይደሉም። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ ከተማው በሙሉ አደባባይ የወጣው ክለቡ የሁሉም ስለሆነ ነው፤ እናቶችም ወጥተው ነበር፣ ሴት ተማሪዎችም። የተጫዋቹ ደመወዝ ከጅማ መርካቶዋ ቡና ነጋዴ ግብርም ይወጣል። በሷ ብር ለሚከፈለው ሰው ምን ዓይነት ደንብ እንዳለ መጠየቅ መብቷ ነው።

እዚህ ጋ ማንንም ተጫዋች አስቤ እንደማልጽፍ ግልጽ ይሁን። ይልቅ ጊዜው አሁን የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ስም ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ ሁሉም ሰው ወይ ደጋፊ ወይ ጠላት ይሆናል፤ ራይስ ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ ግሪንዉድም ላይ። ደንብ የሚጻፈው ስም ሳይኖር ነው።

ምን ይጻፍ? ብዙ ወረቀት አያስፈልግም። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች ደመወዙን እያገኘ ከጨዋታ ዞር እንደሚል ውሉ ላይ ይግባ፤ አሰልጣኝም፣ የክለብ አመራርም እንዲሁ፣ ተጫዋች ብቻ ለምን ይሆናል። ማጣራቱን ክለቡ ራሱ አያድርገው፣ ነጥብ የሚፈልግ አካል ዳኛ መሆን አይችልም፤ ሊጉ ወይም ፌዴሬሽኑ ከክለብ ነጻ የሆኑ ሦስት ሰዎች ይመድብ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። አቤት ያለችዋ ለብቻዋ ትሰማ። ሽምግልና ከተደረገ ይደረግ፣ ቤተሰብ የማስታረቅ ባህላችንን ማንም አይከለክልም፣ ግን እርቁ የሊጉን ማጣራት አያስቆም። የፊፋ የዝውውር ደንብ ውል በበቂ ምክንያት ሊቋረጥ ይችላል ይላል፤ የተረጋገጠ የቤት ውስጥ ጥቃት በቂ ምክንያት እንደሆነ ውሉ ላይ ከተጻፈ ኋላ ክርክሩ ያጥራል። ተቀጥቶ የሚመለስም የምክር አገልግሎት ይከታተል፣ ሳይከታተል አይሰለፍ። አንዱ ክለብ ያሰናበተውን ሌላው በርካሽ እንዳያፈርም ማጣራቱ ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ይዛወር፤ ቻፕማን ላይ የቀረው ይሄ ነው።

«የባልና ሚስት ነገር ውስጥ ክለብ ምን አግብቶት» የሚለኝ አይጠፋም። ክለብ ተጫዋቹ ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛ ይጠይቃል። ጫት ቃመ ወይ፣ መጠጥ ጠጣ ወይ ብሎ ይቀጣል። ክብደቱን ይመዝናል። በሱ ጉልበትና እንቅልፍ የገባው ክለብ እጁ ሰው ላይ ሲያርፍ አያገባኝም ማለት አይችልም።

ጅማ ላይ ይሄን ለመጀመር የሚያስፈልገው ሰው እዚሁ አለ። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፣ እዚያ ያሉት ጠበቆችና መምህራን የትዳር ጉዳይ ፋይል ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። የከተማው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ። የደጋፊ ማህበሩ አለ። የተጫዋቾቹ አምበል አለ። አራቱ ከክለቡ ቦርድ ጋር ተቀምጠው ከቀጣዩ የፊርማ ወቅት በፊት አንድ ገጽ የሚሆን የውል አባሪ ቢያዘጋጁ፣ ሊጉ እስኪነቃ ሳይጠብቁ የመጀመሪያው ክለብ መሆን ይችላሉ። የደጋፊ ማህበሩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አጀንዳ ያስይዘው። አባል የሆናችሁ፣ እጅ አውጡና ጠይቁ።